ማታ 4 ሰዓት ተኝቼ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ዐይኔ የሚፈጠው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የ23 ዓመት ሴት ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጠዋት 12፡30 መነሣት አለብኝ። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት አጥፍቼ እተኛለሁ። ግን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ስገላበጥ ነው የማድረው። ቀኑን እንደ በድን ሆኜ እውላለሁ። የሚገርመው፣ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ንቅት እላለሁ። በእረፍት ቀኔ የሚቀሰቅሰኝ ከሌለ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ለጥ ብዬ እተኛለሁ፤ ስነሣም ምንም አልሆንም። ቤተሰቦቼ ስንፍና ነው ይሉኛል። በሽታ አለብኝ? የእንቅልፍ ክኒን ልጀምር ወይስ ሜላቶኒን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ከጻፍሽው ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «በእረፍት ቀኔ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ለጥ ብዬ እተኛለሁ፤ ስነሣም ምንም አልሆንም።» ሌላውን ባትጽፊው እንኳ ይህቺ ብቻዋን ብዙ ትነግረኝ ነበር።

እንቅልፍ አልመጣ የሚለው ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም። እሱ ሥራ ባይኖረውም፣ ማንም ባይቀሰቅሰውም እንቅልፉ ይቆራረጣል። ሰፊ ጊዜ ስለተሰጠው አይሻለውም። አንቺ ግን ሰው ካልነካሽ ከሌሊቱ 9 እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ስምንት ሰዓት ሙሉ ትተኛለሽ። እንቅልፍሽ ራሱ ደህና ነው። የተበላሸው የሚመጣበት ሰዓት ነው።

ሳላይሽ «ያለብሽ ይህ ነው» ብዬ መፈረም አልችልም። ታሪክሽ ግን በእኛ ሙያ የዘገየ የእንቅልፍ ሰዓት ከምንለው ችግር ጋር ልክክ ይላል። በሕክምና ጽሑፍ ላይ በዚህ ስም የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ኤሊዮት ዋይትዝማን፣ ቻርልስ ሳይዝለርና ባልደረቦቻቸው እንቅልፍ አጣን ብለው የመጡ 450 ሰዎችን አዩ። ከመካከላቸው 30ዎቹ እንደ አንቺ ነበሩ። በፈለጉት ሰዓት ተኝተው በፈለጉት ሰዓት ሲነሡ ደህና ናቸው፤ ዓለም በሚፈልገው ሰዓት ግን አይሆንላቸውም። ብዙዎቹ ክኒን ሞክረው አልሠራላቸውም ነበር። ለምን እንዳልሠራ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ስለ ስንፍናው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሰነፍ ሰው ማታ 4 ሰዓት አልጋ ውስጥ ገብቶ አምስት ሰዓት ሙሉ ሲታገል አያድርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እንቅልፍን የሚያዙት ሁለት ናቸው። ይህን አሳብ አጥርቶ ያስቀመጠው ዙሪክ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ቦርቤሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982።

የመጀመሪያው ድካም ነው በይው። ከነቃሽበት ደቂቃ ጀምሮ አንጎልሽ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። ሴሎች ኃይል ባቃጠሉ ቁጥር ይበዛል። በበዛ ቁጥር ያፈዝዛል፣ ያንቀላፋል። ስትተኚ ይጠረጋል። ቡና የሚያነቃሽ አዴኖሲንን ስለሚያጠፋው አይደለም። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ ድካሙ እዚያው ተከማችቶ ይጠብቅሻል።

ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ በእርግጥ አለ፣ ቦታውም ይታወቃል። ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ጥቃቅን የሴል ስብስቦች አሉ። ተደምረው 20,000 ያህል ሴሎች ቢሆኑ ነው። ስማቸው ረጅም ነው፤ ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክለስ ይባላሉ። ያ አካባቢ የተጎዳበት እንስሳ መተኛቱን አይተውም። መቼ እንደሚተኛ ግን ቅጡ ይጠፋዋል፤ ቀንና ሌሊት ሳይለይ እየተቆራረሰ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአይጦች ላይ የታየው ይህ ነው።

የሁለቱ አዛዦች ግንኙነት ነው የአንቺን ማታ የሚያብራራው። ድካም ብቻውን ቢያዝ ኖሮ ከቀትር በኋላ ጀምረን እየፈዘዝን ሄደን ገና ሳይመሽ በወደቅን ነበር። የማንወድቀው ሰዓቱ ተቃራኒውን ስለሚገፋ ነው። ድካም በጨመረ ቁጥር የማንቂያውን ግፊት ይጨምራል። ይህ ግፊት ጣሪያ የሚነካው መቼ ይመስልሻል? ጠዋት አይደለም። ከተለመደው የመኝታ ሰዓት በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ለብዙዎቻችን እንግዳ የሚሆነው ይሄ ነው።

ፔሬጽ ላቪ የተባለ እስራኤላዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ያሳየበት ሙከራ በጣም ደስ ይለኛል። ሰዎችን 7 ደቂቃ እንዲተኙ፣ ከዚያ 13 ደቂቃ እንዲነቁ፣ እንደገና 7 ደቂቃ እንዲተኙ እያደረገ ቀንና ሌሊቱን አዞራቸው። ቀደም ሲል ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የተነፈጉ ሰዎች ሳይቀሩ ምሽት ላይ ከመኝታ በፊት ያሉት ጥቂት ሰዓታት ሲደርሱ መተኛት አቃታቸው። ድካሙ አለ፤ አልጋው አለ፤ እንቅልፍ የለም። ላቪ ይህን ጊዜ እንቅልፍ የተከለከለበት ክልል አለው።

ልማዱ ማታ 5 ሰዓት መተኛት የሆነ ሰው ይህ ክልል ከማታው 2 እስከ 4 ሰዓት አካባቢ ያገኘዋል። ራት፣ ጨዋታ፣ ቴሌቪዥን ላይ ስለሆነ ልብ ሳይለው ያልፋል። ያንቺ ግን ሰውነትሽ እንቅልፍን የሚጠብቀው ሌሊት 9 ሰዓት ስለሆነ ክልሉ ወደ እኩለ ሌሊት ተገፍቷል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ንቅት የምትይው ለዚህ ነው። 4 ሰዓት ላይ መብራት አጥፍተሽ ስትጋደሚ ደግሞ የማንቂያው ግፊት ወደ ጣሪያው እየወጣ ነው። ሌላውን ሰው ማታ 1 ሰዓት ላይ «በል ተኛ» ብንለው ያው እንዳንቺ ይገላበጥ ነበር።

የከፋው ነገር ትግሉ ራሱ ልማድ መሆኑ ነው። ስምንት ወር በየሌሊቱ አምስት ሰዓት አልጋ ላይ ሰዓት እያዩ መተከዝ፣ አንጎል አልጋን የመንቂያ ቦታ አድርጎ እንዲይዘው ያስተምረዋል። ሳሎን ሶፋ ላይ ዐይንሽ እየተከደነ መኝታ ቤት ስትገቢ ፍጥጥ ካልሽ ይህ ጀምሮሻል ማለት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማታ 4 ሰዓት መተኛቱን ተዪው። ምክሬ ግራ ሊያጋባሽ ይችላል፤ ግን ከልቤ ነው።

ሰዓቱ ለምን ወደኋላ እንደሚጎተት ደግሞ ላስረዳሽ።

የሰውነት ሰዓት ፀሐይን ብቻ የሚከተል አይደለም፤ የራሱ ምት አለው። ይህን መጀመሪያ የጠረጠረው ሰው የፈረንሳይ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር፤ ዣን ዣክ ዶርቱ ደ ሜራን። እ.ኤ.አ. በ1729 ቀን ቅጠሏን የምትዘረጋ፣ ሌሊት የምትከድን ሚሞሳ የምትባል ተክል ወሰደና ጨለማ ውስጥ አስቀመጣት። ፀሐይ ባታይም ቅጠሏን በሰዓቷ መክፈትና መዝጋቷን ቀጠለች።

በሰው ላይ ከተደረጉት ሁሉ የማልረሳው የሚሼል ሲፍርን ነው። ፈረንሳዊ የከርሰ ምድር ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1962 ላይ የ23 ዓመት ወጣት ሆኖ፣ ልክ በአንቺ ዕድሜ ማለት ነው፣ አልፕስ ተራሮች ውስጥ ያለ ዋሻ ገባ። ሰዓት አልያዘም። ሲተኛና ሲነሣ በስልክ ለጓደኞቹ ይናገራል፤ እነሱ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ አይነግሩትም። ሴፕቴምበር 14 ቀን «ጊዜህ አልቋል፣ ውጣ» ሲሉት እሱ በራሱ ቆጠራ ኦገስት 20 ላይ ነበር። ከሦስት ሳምንት በላይ ጠፍቶበታል! ሐሳቡ ጊዜን እንዲህ ሲስት ሰውነቱ ግን አልሳተም። የመተኛትና የመንቃት ዙሩ ከ24 ሰዓት ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነበር።

ያቺ «ጥቂት» ናት የነገሩ ቁልፍ። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሳይዝለርና ባልደረቦቹ በጥንቃቄ ለኩት። የሰው ሰዓት በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ይዞራል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ሰዓቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደፊት ካልተሳበ ወደ ማምሸት ያዘነብላል። አርብ አምሽቶ መተኛት ቀላል የሚሆነው፣ ሰኞ ቀድሞ መነሣት ግን ሞት የሚመስለው ለዚሁ ነው። ዙሩ ከሌላው ሰው ረዘም የሚል ሰው ደግሞ ሥራው ይበዛበታል።

ይህ መርዘም በከፊል ከዘር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሮናልድ ኮኖፕካና ሲሞር ቤንዘር የዝንቦች ሰዓት በአንድ ጂን ብልሽት ሊፈጥን፣ ሊዘገይ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል አሳዩ። የዚያን ጂን ውስጣዊ አሠራር የፈቱት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በዚያው ዓመት የያንግ ላቦራቶሪ ክራይ 1 በሚባለው ጂን ላይ ያለ ለውጥ በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ እንዳንቺ ዓይነቱን ማምሸት እንደሚያመጣ አሳየ። ዕድሜም አለበት። ከጉርምስና ጀምሮ ሰዓታችን ወደ ማታ ይሸሻል፤ 20 ዓመት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። አንቺ ገና ከጫፉ መውረድ ጀምረሽ ነው። ቤተሰቦችሽ በእድሜያቸው ምክንያት ቀድመው ይነሣሉ፤ ከዚያ አንቺን ይወቅሱሻል።

ሰዓቱን በየቀኑ የሚያስተካክለው ማነው? በዋናነት ብርሃን። ብርሃኑ የሚገባው ደግሞ በዐይን ነው፤ ለማየት በምንጠቀምባቸው ሴሎች ላይ ግን ብቻውን አይመካም። እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪድ በርሰን ሬቲና በሚባለው የዐይን ውስጠኛ ሽፋን ውስጥ ራሳቸው ብርሃን የሚቀበሉ፣ በቀጥታ ለሰውነት ሰዓት የሚናገሩ የነርቭ ሴሎች እንዳሉ አሳየ። ሜላኖፕሲን የሚባል ቀለም አላቸው፤ ይበልጥ የሚነቁት ወደ ሰማያዊ ለሚያደላ ብርሃን ነው። ምስል ማየት የማይችሉ አንዳንድ ዐይነ ስውራን እነዚህ ሴሎች ስላሏቸው ሰዓታቸው አይዛባም። ዐይናቸው ብርሃን ፈጽሞ የማይቀበል ከሆነ ግን ብዙዎቹ ሰዓታቸው እንደ ሲፍር በየቀኑ እየተንሸራተተ ይቸገራሉ።

እነዚህ ሴሎች ቶሎ አይነቁም፤ ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። ቤት ውስጥ ደህና የበራ ክፍል ከ100 እስከ 500 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ቢሰጥ ነው። ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ ውጭው ብዙ ሺህ ሉክስ አለው፤ በጠራራ ፀሐይ 100,000 ይደርሳል። ዐይናችን ይህን ልዩነት ስለሚያቻችለው አይታወቀንም። ለሰዓቱ ግን ቀኑን ቢሮ ውስጥ መዋል ማለት በግማሽ ጨለማ መዋል ማለት ነው። ኬኔት ራይት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት 8 ሰዎችን ለአንድ ሳምንት ኮሎራዶ ተራሮች ላይ በድንኳን አሳደረ። ከፀሐይና ከእሳት በቀር ብርሃን የለም፤ ስልክም ባትሪም የለም። ሳምንቱ ሲያልቅ የሰውነት ሰዓታቸው በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ተገኘ። በጣም የተንቀሳቀሱት ደግሞ አምሺዎቹ ነበሩ።

«እንግዲያው ጠዋት ተነሥቼ ብርሃን ልሙቅ» ትዪ ይሆናል። ቆይ! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኔም ተሳስቻለሁ።

ብርሃን ሰዓቱን በሁለት አቅጣጫ ይገፋዋል። የሰውነት ሙቀት ሌሊት ላይ ይወርዳል፤ ከልማዳዊው መንቂያ ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ወለሉን ይነካል። ከዚያ ነጥብ በኋላ የሚገባ ብርሃን ሰዓቱን ያስቀድመዋል፤ በማግስቱ ቀድመሽ እንቅልፍ ይመጣል። ከነጥቡ በፊት የሚገባ ብርሃን ግን ገና አልመሸም ብሎ ያስዘገየዋል። ያው መብራት፣ ያው ዐይን፣ ተቃራኒ ውጤት።

ተማሪ ሳለሁ እኔም አምሺ ነበርኩ። ራሴን ላስተካክል ብዬ ሌሊት 10 ሰዓት በማንቂያ ደወል እየተነሣሁ ደማቅ መብራት ፊቴ ላይ ደቅኜ አጠና ነበር። በሳምንቱ እንቅልፌ ይቀድማል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ባሰበት። ኋላ ሳሰላው መብራቱን የማበራው ከነጥቡ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ነበር። በገዛ እጄ ሰዓቴን ወደኋላ ስገፋ ከረምኩ።

አሁን ያንቺን እናስላ። በነፃነት ስትተኚ የምትነሺው ረፋድ 5 ሰዓት ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ቀንሺ። ነጥብሽ በግምት ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ላይ ይወድቃል። የሥራ ቀን ግን 12፡30 ተነሥተሽ 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ ትወጫለሽ። ለሌላው ሰው መድኃኒት የሆነው የጠዋት ብርሃን ለአንቺ ገና የሌሊት ብርሃን ነው። ምናልባት በየቀኑ እያስዘገየሽ ነው። ጠዋት ስትነሺ እንደ በድን የምትሆኚውም ሰውነትሽ ወደ ጥልቁ ሌሊት ገና እየወረደ ስለምትነሺ ነው።

ስለዚህ ከ12፡30 አንጀምርም። የአንድ ወይም የሁለት ሳምንት ፈቃድ ማግኘት ከቻልሽ ከሁሉ ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ተነሺና ወዲያው ውጭ ውጪ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆዪ። ፀሐዩን ማፍጠጥ አያስፈልግም፤ ሰማዩ ሥር መሆኑ ይበቃል። በመስኮት መስታወት ውስጥ አይቁጠርልሽ፤ ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል። በየሁለት ቀኑ መነሻሽን በግማሽ ሰዓት አስቀድሚው፤ 3፡30፣ 3 ሰዓት፣ 2፡30 እያልሽ። ነጥቡም አብሮ እየቀደመ ስለሚሄድ ከኋላው ትከተዪዋለሽ እንጂ አትቀድሚውም። ማታ ደግሞ መኝታሽን በግድ አትጎትቺው። መጀመሪያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተኚ፤ እንቅልፉ ቶሎ መምጣት ሲጀምር ግማሽ ግማሽ ሰዓት አስቀድሚ። እስከ 12፡30 ለመድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስድብሻል። ከዚህ የፈጠነ ነገር ቃል የሚገባልሽ ካለ አትመኚው።

ፈቃድ ከሌለስ? ይከብዳል ግን ይሆናል። ከቤት ስትወጪ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ጥቁር መነጽር አድርጊ። 3 ሰዓት ሲያልፍ መነጽሩን አውልቂና ሰበብ ፈልገሽ ውጭ ውጪ፤ ስልክ ማውሪያም ይሁን መንሸራሸሪያ። በየጥቂት ቀኑ መነጽሩን የምታወልቂበትን ሰዓት አስቀድሚ። መኪና የምትነጂ ከሆነ ግን መነጽሩን ተዪው፤ እንዲያውም በዚህ ሁኔታሽ ባትነጂ እመርጣለሁ። በሥራ ቀን የምትተኚው ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የታወቀ ጥናት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ለሁለት ሳምንት የተኙ ሰዎች ንቃታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው ደረጃ ድረስ ሊወርድ እንደሚችል አሳይቷል። ሰዎቹ ራሳቸው ግን ይህን ያህል እንደተዳከሙ አልታወቃቸውም። ተለማምጄዋለሁ የሚል ሰው የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

የእረፍት ቀን ረጅም እንቅልፍ የሚጣፍጥ ነው፤ ግን የሳምንቱን ልፋት ያፈርሳል። አርብና ቅዳሜ ሦስት አራት ሰዓት አምሽቶ መነሣት በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ምዕራብ በርሮ ሰኞ እንደ መመለስ ነው። ቲል ሮነበርግ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ማኅበራዊ ጄት ላግ (ጄት ላግ በሩቅ በረራ የሚመጣ የሰዓት መዛባት ነው) ያለው ይህንን ነው። በእቅዱ ላይ እያለሽ ከመነሻሽ ከአንድ ሰዓት በላይ አትለፊ።

ስልክን በተመለከተ እንደሚባለው ሰይጣን አይደለም። ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው። ሰዎች ለአምስት ተከታታይ ማታዎች ከመኝታ በፊት አራት ሰዓት ሙሉ ብርሃኑ ከፍ ባለ ስክሪን ላይ አነበቡ። በወረቀት ካነበቡበት ጊዜ ይልቅ ለመተኛት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የዘገዩት። የሰውነት ሰዓታቸው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተገፍቷል፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ቀን ብዙ ብርሃን ያየ ሰው ደግሞ ማታ ያለችው ብርሃን ያን ያህል አትጎዳውም። ስለዚህ ማታ የክፍሉን መብራት ቀንሺ፣ ስክሪኑን አደብዝዢ፣ ግን ጉልበትሽን ጠዋት ላይ አውዪው።

ቡና ላይ ጥብቅ ነኝ። ከጠጣሽው ካፌይን ግማሹ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶም ሰውነትሽ ውስጥ አለ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች ላይ ደግሞ ይህ ጊዜ በእጥፍ ያህል ሊረዝም ይችላል፤ ብዙ ሴቶች አያውቁትም። ከምሳ በኋላ አትጠጪ።

ወደ ክኒኑ። የእንቅልፍ ክኒን አንጎልን ያደነዝዛል፤ ሰዓቱን ግን አያንቀሳቅሰውም። ማታ 4 ሰዓት ብትውጪው ምናልባት ትወድቂያለሽ፤ ሰውነትሽ ግን አሁንም ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንደሚጀምር ያምናል። ጠዋት ድንዛዜው ይጨመርብሻል። የዋይትዝማን ታካሚዎች ክኒን ያልሠራላቸው ለዚህ ነው። ለአንቺ አልመክረውም።

ሜላቶኒን ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ግን እንደ እንቅልፍ ክኒን ይወስደዋል። ታሪኩ ራሱ አስቂኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ለይቶ ያወጣው አሮን ለርነር የቆዳ ሐኪም ነበር፤ የሚፈልገው የቆዳ ቀለም የሚለውጥ ነገር ነው። ሜላቶኒን እንቅልፍ አይደለም፤ «መሽቷል» የሚል መልእክት ነው። ከልማዳዊ መኝታ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድሞ በራሱ መፍሰስ ይጀምራል። ያንቺ ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል ማለት ነው። ሰዓቱን ለማስቀደም ከፈለግሽ መልእክቱን ከዚያ ቀድመሽ ነው መላክ ያለብሽ። በአንቺ ሁኔታ ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ይሆናል፤ እንቅልፍሽ በቀደመ ቁጥር እሱም አብሮ ይቀድማል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ግማሽ ሚሊግራም ይበቃል። 10 ሚሊግራም መዋጥ መልእክቱን መጮህ እንጂ ማፍጠን አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ካናዳ ውስጥ 31 የሜላቶኒን ምርቶች ተመርምረው ነበር። አንዳንዱ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው 83 በመቶ ያነሰ፣ አንዳንዱ 478 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ወይም ካረገዝሽ፣ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪ።

የብርሃን እቅዱን ሳትጀምሪ ሐኪም ማየት የሚኖርብሽም ጊዜ አለ። ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳትፈልጊ ለቀናት በደስታ ወይም በብስጭት የተነሣሣሽበት ወቅት ካለ ጠንካራ ብርሃን ሊያባብሰው ይችላል። የሬቲና ሕመም ካለብሽም እንደዚሁ። ስታንኮራፊ ትንፋሽሽ ይቆማል የሚልሽ ሰው ካለ፣ ማታ እግርሽ አላስቀምጥ እያለ ካላንቀሳቀስሽው ካላረፈ፣ ወይም ማምሸቱ ከተስፋ መቁረጥ ጋር አብሮ የመጣ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ የሁለት ሳምንት መዝገብ ይዘሽ ሂጂ፤ መቼ ተጋደምሽ፣ መቼ ተኛሽ፣ መቼ ነቃሽ፣ የእረፍቱ ቀን ተለይቶ። ከማንኛውም ምርመራ በፊት የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

ዝንባሌው አይጠፋም። አስተካክለሽው ከወራት በኋላ እንኳ አንድ የተዘበራረቀ ሳምንት ሰዓትሽን መልሶ ሊያሸሸው ይችላል። አለቃሽ መግቢያሽን አንድ ሰዓት እንኳ ሊያዘገይልሽ ከቻለ ሳታፍሪ ጠይቂ፤ ለአንቺ ያቺ አንድ ሰዓት ከማንኛውም ክኒን ትበልጣለች። አንድ ማታ አምሽተሽ ብትገቢ ደግሞ በማግስቱ በሰዓትሽ ተነሺ፣ ውጭ ውጪ፣ ድካሙ ካልቻለሽ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት 20 ደቂቃ ብቻ ሸለብ አድርጊ። ከዚያ በኋላ ያለውን ድካም ለማታ አስቀምጪው።